ትርሲት ያስረከበችው ትዝታ

በዚያ ዘመን ለአንድ ሙዚቀኛ የሚፈቀድለት አንድ ስልት ብቻ ነበር። ሌላ የፈለገ የቀድሞውን ለመዝገብ ቤቱ ለዘላለም ያስረክባል፤ ከዚያ በኋላ ቤቱ ውስጥ ቢያንጎራጉረው እንኳ ግድግዳዎቹ ይሰሙታል፣ ፈቃዱም ይነጠቃል።

ትርሲት በአኮርዲዮን በምትጫወተው ትዝታ ደሴን ሁሉ ያስለቀሰች ሴት ናት። አንድ ቀን ያንን ትዝታ አስረክባ ማንም ሰምቶት የማያውቅ አዲስ ስልት አስመዘገበች።

በማግስቱ ጠዋት የአባቷን የአቶ ይማምን ጢም ልትላጭ ሳሙና ቀባቻቸው። ዓይናቸው ከደከመ ወዲህ የምትላጫቸው እሷ ናት፤ ስትላጫቸውም ትዝታዋን ታንጎራጉርላቸው ነበር።

«ምነው ዛሬ ዝም አልሽ?» አሏት።

«አስረከብኩት፣ አባዬ።»

«ለእኔም አይሆንም?»

«ለእርስዎም።»

አቶ ይማም ራሳቸው ያንጎራጉሩት ጀመር። ሙዚቀኛ ስላልሆኑ የሚከለክላቸው የለም። መሃል ላይ ዜማው ጠፋባቸውና እንድታስታውሳቸው ፊታቸውን ወደ እሷ አዞሩ። ትርሲት ቀጣዩን በደንብ ታውቀዋለች። ከንፈሯን ነክሳ ምላጩን አጠበች።

«ተጸጸትሽ እንዴ?»

«አልተጸጸትኩም። ያኛውን ስጫወት የሚሠራው እጄ ብቻ ነበር፤ ልቤ ከሄደ ቆይቷል።»

«እንግዲያው አዲሱን አሰሚኝ።»

አንጎራጎረችላቸው። አቶ ይማም ጉልበታቸውን በጣታቸው እየመቱ ሊከተሏት ሞከሩ፤ ምቱ ግን አመለጣቸው።

«አልወደድኩትም» አሉ። ከዚያ ያልተላጨውን ጉንጫቸውን ወደ እሷ አዞሩላት። «ይኼኛውን ስትላጪ ደግሞ ድገሚልኝ።»