አንድ መስመር ትእዛዝ

«ፈልገው እስቲ» ትላለች ሲስተር ማሬ፣ የኮምፒውተር ክፍሉን በር በትከሻዋ ደግፋ። «የዓይን ሐኪሞቹ ደውለው ነበር። ቀጠሮውን በኢሜይል ከላክን ቆየን ሲሉኝ መስመሩ ተቋረጠ። መልሼ ብደውል አልሠራ አለኝ።»

እንዳላማው ከወንበሩ ዘወር ይላል። ከሲስተር ኋላ ቄስ አምደሚካኤል ክንዳቸውን ለልጃቸው ሰጥተው ቆመዋል። የዓይን ሞራ ሁለቱንም ዓይናቸውን ጋርዶባቸዋል። የሐኪሞቹ የዓይን ቀዶ ሕክምና ዘመቻ መቼ እንደሚጀመር ለመጠየቅ ከሮብ ገበያ ደብረ ማርቆስ ሲመላለሱ ከርመው፣ ክሊኒኩ ውስጥ የማያውቃቸው የለም።

«ደፍ አለ፣ አባዬ» ትላለች ልጃቸው ያለምወርቅ። በእግራቸው ዳብሰው ይገባሉ።

እንዳላማው የኢሜይሉን ማጣሪያ ይከፍታል። ማጣሪያው ከማያውቀው አድራሻ በይለፍ ቃል ተቆልፎ የመጣ ፋይል ሲያገኝ መልእክቱን ወደ ማቆያ ይጥለዋል፤ ገና ሲተከል ጀምሮ ደንቡ እንዲያ ነው። ማቆያውን ካየው ሰንብቷል። ቆሻሻ እንጂ ሌላ ምን ይገባበታል ብሎ። ሎተሪ ደርሶዎታል ከሚሉትና ከክብደት መቀነሻ ማስታወቂያዎች መካከል የሐኪሞቹን አድራሻ ያያል። ዝቅ ሲል ደግሞ ያንኑ አድራሻ። ደጋግመው ልከዋል።

«አለ?» ትላለች ሲስተር።

«አለ።»

ክረምቱ ሲገባ እዚሁ በር ላይ ቆማ ለምናው ነበር። የበሽተኛ ስም ስላለበት ሐኪሞቹ ፋይሉን ቆልፈው ነው የሚልኩት፤ የእነሱን አድራሻ ብቻ አሳልፍልኝ ብላ። ፖሊሲው አይፈቅድም፣ ሲስተር፣ አላት። ፖሊሲው ይፈቅዳል። አንድን አድራሻ ለይቶ ከደንቡ ውጭ ማድረግ የሚቻለው ግን በማውዝ ሳይሆን ጥቁሩ መስኮት ላይ ትእዛዝ በመጻፍ ነው፤ ትእዛዙን ደግሞ አያውቀውም። ከዚያ በፊት አንዴ ሞክሮ፣ ለአንድ ሰው ልክፈት ብሎ ለዓለም ሁሉ ከፍቶት፣ ሥራ አስኪያጁ በሠራተኛው ፊት አዋርደውታል። ባሕር ዳር፣ ይህን ሥራ ጠንቅቆ የሚያውቅ ጌቱ የሚባል ጓደኛ አለው። መደወል ይችል ነበር። አላውቅም ከማለት አይፈቅድም ማለት ቀለለው። ሲስተር ማሬም አምናው ሄደች።

«እንግዲህ ፖሊሲው አይፈቅድም ብለኸኛል» ትላለች አሁን፣ ለነገር ሳይሆን ከልቧ ተጨንቃ። «ሥራ አስኪያጁን ላስፈቅድልህ?»

«ግድ የለም፣ ሲስተር።»

ስልኩን አንስቶ ጌቱ ዘንድ ይደውላል። ድምፁን ዝቅ አድርጎ ይጠይቃል። ክፍሉ ግን ጠባብ ነው፤ ጌቱም ጮክ ብሎ የሚናገር ሰው ነው።

«አድራሻውን ሙሉውን ጻፈው» ይላል ጌቱ። «ኮከብ ምልክት እንዳታስገባበት። ኮከብ ካስገባህ ላገኘው ሁሉ ነው የምትከፍተው።»

እንዳላማው ፊደል በፊደል ይጽፋል።

«ከዚያስ?»

«ከዚያማ ኢንተር በለው። በቃ።»

«በቃ?»

«ሌላ ምን ፈለግህ?»

ኢንተር ይመታል። ጥቁሩ መስኮት ምንም አይልም፤ ጠቋሚዋ ወደሚቀጥለው መስመር ወርዳ ብልጭ ድርግም ትላለች። የታሰረውን መልእክት የምትለቅ ሌላ አጭር ትእዛዝ ጌቱ ይነግረዋል። ጽፎ ከመጨረሱ መልእክቱ ይደርሳል። የእንዳላማው ጆሮዎች ይግላሉ። ያለምወርቅ ዓይኗን ከጣቶቹ ላይ አላነሳችም።

ሲስተር ማሬ ጎንበስ ብላ የይለፍ ቃሉን ትጽፍና ታነባለች። ከንፈሯ መንቀሳቀሱን ያቆማል።

«ምን ይላል?» ይላሉ ቄስ አምደሚካኤል።

«ባሕር ዳር ነበር የጠሩን፣ አባ። መኪናም አዘጋጅተውልን ነበር።»

«መቼ?» ትላለች ያለምወርቅ።

«አልፏል። ጨርሰው ሄደዋል።» ሲስተር ወደ ታች ታነባለች። «የቀረ ሰው ካለ ከፋሲካ በኋላ እንመለሳለን ይላሉ።»

«ከፋሲካ በኋላ» ይላሉ ቄሱ። ፊታቸው ወደ ድምፁ እንደዞረ ይቆያል። ከዚያ ለማንም ሳይሆን፣ «እንግዲያ የዘንድሮንም ትንሣኤ አልቀድስማ» ይላሉ።

ያለምወርቅ የጋቢያቸውን ጫፍ ታስተካክላለች፤ የተስተካከለ ነበር።

«ይህን የደከመልን ልጅ ማን ይባላል?»

«እንዳላማው ነው፣ አባ» ትላለች ሲስተር።

«እግዜር ይስጥህ፣ ልጄ እንዳላማው። የጠፋ አገኘህልን።» ከጋቢያቸው ሥር የእጅ መስቀላቸውን አውጥተው ይዘረጋሉ። መስቀሉ ከእሱ ትንሽ ወደ ግራ፣ ማንም በሌለበት በኩል ይቆማል።

እንዳላማው አይነሳም። «አባ፣ የጠፋ አልነበረም» ይላል። ድምፁ የራሱ አልመስል ይለዋል። «እዚህ ነበር። ሲስተር ክፈተው ብለውኝ ነበር፤ አይፈቅድም አልኳቸው። የሚፈቅድ ነው። እንዴት እንደሚከፈት አላውቅም ማለት አሳፈረኝ።»

 ሲስተር ማሬ ቀና ብላ አንዴ ታየዋለች፤ ከዚያ ዓይኗን ወደ ክፍሉ መስኮት ትወስዳለች። ያለምወርቅ ግን ከእሱ ላይ አታነሳም።

 የቄስ አምደሚካኤል ክንድ አልታጠፈም፤ መስቀሉም ካለበት አልተንቀሳቀሰም። እየጠበቁት እንደሆነ፣ ወይስ የሰሙት ነገር ገና ክንዳቸው ዘንድ ያልደረሰ እንደሆነ እንዳላማው መለየት አይችልም።

ወንበሩን ወደ ኋላ ገፍቶ ይነሳል። ጠረጴዛውን ዞሮ፣ መስቀሉ ወደተዘረጋበት ባዶ ቦታ ሄዶ ይቆማል። ጎንበስ ይላል። ብረቱ ግንባሩ አጠገብ ነው፤ ቅዝቃዜው ይሰማዋል፤ አይነካውም። አንገቱን እንደደፋ፣ መስቀሉን ያስነኩት ወይም ይመልሱት እንደሆነ ይጠብቃል።