የአማቷ ሳሙና

"እማዬ… ይሄ ሾርባ ነው ወይስ ጨው በውሃ?"

ልጃቸው ማንኪያውን ጠረጴዛው ላይ ወረወረው።

አሮጊቷ ከድስቱ ጨለፍ አድርገው ቀመሱ… ደግመው ቀመሱ…

"እኔስ ምንም አልመሰለኝም ልጄ።"

ሚስቱ ሕፃኗን እንዳቀፈች ከንፈሯን ነከሰች። ትናንትም እንዲሁ ነበር።

ባልና ሚስቱ ከከተማ ወጥተው ገጠር እናቱ ቤት የገቡት እሱ ከሥራ የተቀነሰ ጊዜ ነው። "ለጥቂት ወር ነው" ብለው መጡ… ከረሙ።

ለከተማዋ ልጅ ሁሉም ነገር እንግዳ ነበር።

አማቷ ያረጀ ቀሚስ ቀደው ትራስ ይሞላሉ። ቆርቆሮ በስተው ማጥለያ ያደርጋሉ። ድስት በአመድ ይፈትጋሉ።

"እማማ፣ ይሄንንስ እንጣለው!" ስትላቸው…

"እዚህ ቤት የሚጣል ነገር የለም" ይሏታል እየሳቁ።

ከሁሉ የገረማት ግን ሳሙናው ነው።

የሱቅ ሳሙና አልስማማ ብሎ የሕፃኗ ገላ በሽፍታ ተሞልቶ ነበር። አማቷ አመድ ዘፍዝፈው፣ አጥልለው፣ ውሃውን ከሞራ ጋር አፍልተው ሳሙና ሠሩላት። ገላዋ ተመልሶ ቅቤ መሰለ።

ምራት አጠገባቸው ቆማ ሁሉንም አየች። አመዱን… ውሃውን… እሳቱን…

እማማ ከማፍላታቸው በፊት ግን ሁልጊዜ ጀርባቸውን ሰጥተው ወደ ማሰሮው ጎንበስ ይላሉ። የሚያሸቱ መሰላት።

በሾርባው ማግስት ባልየው ቁርጡን ተናገረ።

"እማዬ፣ አርጅተሻል። እህቴ ጋ ሄደሽ ብታርፊ ይሻላል።"

አሮጊቷ ምራታቸውን አዩ።

አንድ ቃል ብትናገር ይቀሩ ነበር…

እሷ ግን የሕፃኗን ካልሲ ማስተካከል ጀመረች።

እማማ ጓዛቸውን አንጠልጥለው ወጡ። በሩ ላይ ዞር አሉና…

"ሳሙናው ሲያልቅ እኔ ጋ ላኪ፣ እሺ?"

ሳሙናው አለቀ። አልላከችም። "ምን አለበት፣ አይቼው የለ?" ብላ ራሷ ሠራች። መልኩ ቁርጥ የእማማን ሳሙና!

ሕፃኗን አጠበቻት…

ልጅቷ እሪ አለች! ጀርባዋ እሳት እንደነካው ቀላ… ተላጠ።

ጩኸቱን ሰምታ የደረሰችው ጎረቤት ሕፃኗን በንጹሕ ውሃ ደጋግማ አለቀለቀቻት። ከዚያ ከሳሙናው በጣቷ ቆንጥራ ምላሷ ጫፍ ላይ አደረገችና… ቱፍ!

"አንቺ! የአመዱን ውሃ ሳትቀምሺ ነው እንዴ ያፈላሽው?"

"አመድ ደግሞ ይቀመሳል?"

"ታዲያ የአማትሽ ምላስ የነደደው በምን መሰለሽ? ለልጅሽ ገላ እንዳይበረታ በምላሳቸው እየለኩት እኮ ነው! ጨው መለየት ካቃታቸው ሰነበቱ። 'ለምራቴ እንዳትነግሪ፣ ትጨነቅብኛለች' ብለው አስምለውኝ…"



ሕፃኗ ሻል ሲላት ሾርባ ሠርታ ወደ ባሏ እህት ቤት ገሰገሰች። እማማን ያገኘቻቸው በጓሮ ባለች ጠባብ ክፍል፣ ብቻቸውን ነው። ይቅርታ ልትል አፏን ስትከፍት…

"ቆይ፣ መጀመሪያ ልብላልሽ" አሉ።

ፉት አሉ። አጣጣሙ።

"እጅሽ ይባረክ… ጨዉ ልክ ነው!"

ምራትም ከሾርባው ቀመሰች።

በጥድፊያዋ ረስታው… ቅንጣት ጨው አልነበረበትም።

እግራቸው ላይ ወደቀች። "ቤትዎ ይመለሱ፣ እማማ!"

"ተይኝ ልጄ… ሄጄ ደግሞ ማንን ላስቀይም? ይልቅ የአመዱን ውሃ አምጪልኝ። ማቃጠሉን እንደሁ ምላሴ ገና ይለየዋል…"

ወዳጆቼ… ምንም በማይጣልበት ቤት የተጣሉት እሳቸው ብቻ ናቸው።

በወላጆቻችን ላይ "አረጁ፣ አበላሹ" የምንለው ስንቱ ነገር፣ ለእኛ ሲሉ የተቃጠሉበት ጠባሳ ይሆን? ከማማረራችን በፊት "ምን ሆናችሁ?" ብሎ መጠየቅ ምን ያህል ይከብድ ነበር?

ባልየው ማንኪያውን ወረወረ… ሚስትየው ዝም አለች።

በእናንተ ሚዛን የማን ጥፋት ይበልጣል? የወረወረው ወይስ ዝም ያለችው? ኮሜንት ላይ ጻፉልኝ…