ከዊልቸሩ እንዳይነሱ የተባሉት እናት

ጤነኛ እግር ያላትን እናትህን «መራመድ አትችልም» ብለህ ለአየር መንገድ አስመዝግበህ ታውቃለህ?

መልስህን ያዘውና መጀመሪያ ይቺን አንብብ...

«ኣደይ፣ ነግሬሻለሁ፤ እንዳትነሺ» አለች ሕያብ።

እናቷ እማማ ኣክበረት ሰንጋ ተራ ኮንዶሚኒየም ስድስተኛ ፎቅ፣ ሳሎናቸው መሃል በፕላስቲክ ወንበር ተቀምጠው ሽባ መሆን እየተለማመዱ ነበር...

ሊፍቱ ከቆመ ቆይቷል። እሳቸው ግን በየማለዳው ልደታ ማርያምን ተሳልመው፣ በጌጃ ሰፈር በኩል ቲማቲምና ቃሪያ ገዝተው፣ ያንን ሁሉ ደረጃ ሳያርፉ ይወጡታል። መሃል ላይ ቆማ የምታለከልከው ሕያብ ናት።

ታዲያ ዊልቸር ለምን?

ጀርመን ያለው ልጃቸው ኣሉላ ስለወሰነ ነው።

የቆረጠላቸው ትኬት ከርካሽም ርካሹ ነበር። መሃል ላይ በማያውቁት አገር አውሮፕላን ይቀየራል። ቋንቋ ስለማታውቅ ትጠፋለች፣ ዊልቸር ይታዘዝላትና ገፍተው ያድርሷት አለ። እሳቸውን የጠየቃቸው የለም...

እማማ ተናደዱ። ግን ዋጡት።

የኣሉላ ልጅ፣ የመጀመሪያዋ የልጅ ልጃቸው፣ ክርስትና ልትነሳ ነው። ቪዛውን ስንቴ ተከልክለው ነው ያገኙት። ሕያብ ደግሞ ከወንበሩ ከተነሳሽ ውሸታም ብለው ይመልሱሻል፣ ክርስትናውም ይቀርብሻል ብላ አስፈራርታቸዋለች።

አየር ማረፊያው ሸኚ አያስገባም። ሕያብ እናቷን ዊልቸሩ ላይ አስቀምጣ በር ላይ ቀረች።

ሻንጣው ከበደ ተባለ። ወይ ክፈሉ ወይ አውጡ... ለአራሷ የተዘጋጀው የአጥሚት እህል ከነጣሳው ወጣ።

ፍተሻው ላይ ጫማ አስወለቋቸው፣ መቀነት አስፈቷቸው። የውሃ ጠርሙሳቸውን ቀሟቸው። ከፍተሻው ማዶ ያንኑ ውሃ በእጥፍ ዋጋ ይሸጡታል። አውሮፕላኑ ውስጥ ደግሞ ብርድ ልብሱም በክፍያ ነው።

ሁሉንም ቻሉት። ከወንበሩም አልተነሱም።

አውሮፕላን የሚቀየርበት አገር ሲደርሱ አንድ ሠራተኛ ገፍቶ ወሰዳቸውና ግድግዳ ሥር አቆማቸው። እንደ ጆንያ። በእጁ «ጠብቂ» የሚል ምልክት አሳይቶ ሄደ...

ሄዶ ቀረ።

አጠገባቸው ከአዲስ አበባ አብረዋቸው የመጡ ሁለት እናቶች በየዊልቸራቸው ተደርድረዋል። ኮከቤና መሪማ ይባላሉ። እነሱም ጀርመን፣ ልጆቻቸው ዘንድ ነው የሚሄዱት።

ብዙ ቆይቶ፣ በዚያው አውሮፕላን የመጣ አንድ ጎልማሳ ሻንጣውን እየጎተተ አለፈ። የምንሳፈርበት በር ወደ አሥራ ሰባት ቁጥር ተቀይሯል፣ ሊዘጋ ነው አላቸው።

«እናንተን የሚወስድ ሰው አለ አይደል?» ብሎ ጠየቀ።

መልሱን ሳይሰማ ሮጠ...

የሚቀጥለው አውሮፕላን ክርስትናው ካለፈ በኋላ ነው። እማማ ኣክበረት ግራ ቀኝ አዩ። የሚመጣ የለም።

«እህቴ፣ እግርሽን ምን ሆነሽ ነው?» አሏት ኮከቤን።

«ኧረ ምንም አልሆንኩ። ልጄ ነው እንዳትነሺ ያለኝ።»

«አንቺስ?»

መሪማ ሻርፗን አስተካከለች። «እኔ ሐጅ ሄጄ ካዕባን በእግሬ የዞርኩ ሰው ነኝ» አለች።

ሦስቱም ተያዩ...

ከዚያ ሳቅ። ዕንባ እስኪወጣቸው ሳቁ።

እማማ ኣክበረት ተነሡ። ሁለቱም ተከተሏቸው። ቦርሳቸውን ዊልቸሮቹ ላይ ጭነው፣ ነጠላቸውን አደግድገው፣ ባዶውን ወንበር እየገፉ ሮጡ። ያ ሁሉ ፈረንጅ መንገድ ለቀቀላቸው።

አሥራ ሰባት ቁጥር ሲደርሱ ሠራተኛዋ በሩን ዘግታለች። ጣቷን ሰዓቷ ላይ አደረገች። አበቃ ማለቷ ነው።

ኮከቤ ማልቀስ ጀመረች።

እማማ ኣክበረት በሩን አዩ። ዊልቸሩን አዩ...

«ቁጭ በሉ» አሉ።

«ምን?»

«ሽባ ናቸው ብለው መዝግበውን የለ? ሽባ ጥለው ሲሄዱ እናያለን። ቁጭ በሉ አልኩ።»

ሦስቱም በሩ ፊት ለፊት ተደርድረው ተቀመጡ። እማማ ትኬታቸውን ዘረጉ። የዊልቸር ምልክት አለበት።

ሠራተኛዋ ትኬቱን አየች። ሴቶቹን አየች። ፊቷ ተለዋወጠ። በእግራቸው ሲመጡ ብታይም፣ በወረቀቱ ግን መራመድ የማይችሉ ሦስት አሮጊቶች፣ እዚህ ድረስ የሚያመጣቸው ሰው የተመደበላቸው፣ ተረስተው... ስልኩን አነሣች።

በሩ ተከፈተ።

አውሮፕላኑ ደጃፍ ላይ ሲደርሱ ሦስቱም ከዊልቸራቸው ተነሥተው በእግራቸው ገቡ። አንዷ ተሳፋሪ ተአምር መስሏት አማተበች። መሪማ እልልታዋን ለቀቀችው። ያ ጥሏቸው የሮጠው ጎልማሳ በመስኮት ወደ ውጭ ያይ ነበር፤ ውጭው ጨለማ ነው።

ጀርመን ሲደርሱ ኣሉላ ሌላ ዊልቸር ይዞ ጠበቃቸው።

ቦርሳቸውን ወንበሩ ላይ ጣሉበት። «ግፋ» አሉትና ቀድመውት ሄዱ።

በማግስቱ ሕፃኗን አቅፈው ቅዳሴው እስኪያልቅ ቆሙ። ማንም ተቀመጡ ሊላቸው አልደፈረም።

ተመልሰው ሰንጋ ተራ ከገቡ በኋላ ግን ከልጆቻቸው ጋር መነጋገር ተዉ። ኣሉላ ከጀርመን ደውሎ ሽማግሌ ላከ። አቶ በድሉ የሚባሉ የሰፈሩ ትልቅ ሰው ሁለት አዛውንት አስከትለው ስድስተኛ ፎቅ እስኪደርሱ ላብ አጠመቃቸው። እማማ ወንበር ሰጧቸው፣ ውሃ ቀዱላቸው። ለኣሉላም፣ ለሕያብም፣ ስሙን ለማያውቁት ለዚያ ጎልማሳም ሳይቀር ምሕረት ተለመነ። ልጆቹ ክፉ አስበው አይደለም፣ እንዳትጠፊ ብለው ነው ተባሉ...

ወገኖቼ፣ እናት መንገዱ ይነገራታል እንጂ እግሯ አይቀማም። «ለአንቺው ብዬ ነው» እያልን ስንቱን እንዳስቀመጥነው እግዜር ይቁጠረው።

እናንተስ? ልጃችሁ እንዲህ ቢያደርጋችሁ ይቅር ትሉት ነበር? ኮሜንት ላይ ጻፉልኝ።

እማማ ኣክበረት ለሽማግሌዎቹ የመለሱት ይህንን ነው...

«ውሃችሁን ጠጡ። ማንንም ይቅር አልልም።»