ክንፉን የደረበው ዝንብ

ዝንቡ ባሏ አንገት ላይ ሲያርፍ፣ ሴትዮዋ ዲምቱ ከተማ ያለው የእንስሳት ሐኪም የሰጣትን የዝንብ ፎቶና ብልቃጥ ከጉያዋ አወጣች። ሐኪሙ፣ "ከብት የሚገድለውን የገንዲ በሽታ የሚያስተላልፈው ዝንብ ከሆነ ሳትጨፈልቂው አምጪልኝ፤ ሰፈራችሁ ወጥመድ እንተክላለን" ብሏታል። አንድ በሬያቸው ሞቷል፤ የቀረውም ከስቷል።

"የባርኮት አባት፣ እንዳትነቃነቅ።"

"እየነከሰኝ እኮ ነው።"

"ይንከስህ። ክንፉን ልየው።"

ፎቶውን አንገቱ አጠገብ ይዛ ጎንበስ አለች። ክንፎቹ እንደተዘጋ መቀስ ተደራርበዋል፤ አፉ እንደ መርፌ ወደ ፊት ወጥቷል። ራሱ ነው። ብልቃጡን ቀስ ብላ አስጠጋች። ሰውዬው ዓይኑን ጨፍኖ፣ ጥርሱን ነክሶ፣ እንዳለችው ቁጭ ብሏል። የዝንቡ ሆድ በደም ሲነፋ አየች።

አላስቻላትም፤ በመዳፏ ጧ አደረገችው።

"አሁን ለሐኪሙ ምን ልታሳዪው ነው?" አላት እየሳቀ።

"አንገትህን" አለችና ደሙን በሻሿ ጫፍ ጠረገችለት።