የተመለሰው አሮጌ ላስቲክ

ባለ ጀልባው ላስቲኩን የሥራ ጠረጴዛው ላይ ወረወረው። የጀልባ ሞተር ማቀዝቀዣ ውሃ የሚገፋ፣ ስድስት ክንፍ ያለው፣ ከመዳፍ የማይበልጥ ጥቁር ላስቲክ ነው፤ ነጥሮ ከመፍቻዎቹ መካከል ገባ።

«ይሄ የኔ አይደለም» አለ።

መካኒኩ ቀና ሳይል እጁን በጨርቅ መጥረጉን ቀጠለ። «አሮጌ ላስቲክ ደግሞ ከመቼ ወዲህ ነው መታወቂያ ያወጣው?»

«የኔ ምልክት አለው። አምና ስትገጥመው፣ ዞር ስትል፣ አንዱን ክንፍ በቢላዋ ጫር አድርጌዋለሁ። ይሄኛው ምንም የለውም። የኔው ሳይቀየር እዚያው ሞተሩ ውስጥ ተቀምጧል ማለት ነው። ላልቀየርከው ደግሞ አስከፍለኸኛል።»

የመካኒኩ እጅ ቆመ። እሱ የባለ ጀልባው ሚስት ታላቅ ወንድም ነው፤ ለአሥራ አንድ ዓመት ከዚህ አፍ «ጋሼ» እና «እርስዎ» ሲባል ኖሯል። የዛሬውን «አንተ» ሁለቱም ሰምተውታል።

በዚህ ጋራዥ አንድ ደንብ አለ። ዝናቡ ቆሞ የጀልባ ሞተሮች ሲከፈቱ፣ የወጣው አሮጌ ዕቃ በባለቤቱ መዳፍ ላይ ይቀመጣል። ባለቤቱ አገላብጦ ያያል፤ ከዚያ ይከፍላል። ሌላ ደረሰኝ አይጠየቅም። ያልተከፈለበት ሞተር ግን ከበሩ አይወጣም፤ በነገው ማለዳ፣ የዓመቱ የጀልባ ማመላለሻ ሥራ በሚከፈትበት ቀን፣ ወደቡ ላይ ያልተገኘ ጀልባም ተራውን ለሌላ ሰጥቶ ዓመቱን በሙሉ ዳር ይቆማል።

ባለ ጀልባውን ያስፈራው ግን ተራው አልነበረም። ካቻምና ሌላ መካኒክ «ቀይሬዋለሁ» ያለው ላስቲክ ተበጣጥሶ፣ ማቀዝቀዣ ውሃ ያጣው ሞተር ከባሕሩ መካከል ነደደ። አሥራ ዘጠኝ ሰው አሳፍሮ ነበር። አንዲት እናት ሕፃኗን በሻርፕ ከደረቷ ጋር አጥብቃ ስታስር አይቷታል፤ ከሰመጡ አብረው እንዲገኙ።

«ክፈተው» አለ።

«ሂሳቡን ክፈልና ቤትህ ወስደህ ክፈተው።»

«አሁን። እዚሁ ፊቴ።»

«ዓመት ሙሉ!» አለ መካኒኩ፤ ድምፁ ዝቅ ብሎ ነበር። «ዓመት ሙሉ እህቴ ቤት ከአንድ ገበታ ስንበላ፣ ሌባ ነው እያልክ ነበር የምታየኝ?» ቀኝ እጁን ዘርግቶ ላስቲኩ በሚገጠምበት በሞተሩ የውሃ ፓምፕ ክዳን ላይ አሳረፈ። «ክፈት ካልከኝ ሌባ ብለኸኛል። አልከፍትም። ሂድ ክሰሰኝ።»

ባለ ጀልባው ኮሌታውን አነቀው። መካኒኩ በግራ እጁ ያገኘውን መፍቻ አንስቶ አፉ ላይ አሳረፈበት። አንድ ጥርስ ከነደሙ በምላሱ ላይ ወደቀ፤ ተፋው። ተያይዘው መደርደሪያውን ሲመቱት የዘይት ጣሳና የአሮጌ ዕቃ ቆርቆሮ እላያቸው ላይ ተገለበጠ። በዘይቱ ላይ እየተንሸራተቱ ያለ አንዳች ስድብ ተደባደቡ፤ የሚሰማው ትንፋሽና የቡጢ ድምፅ ብቻ ነበር። ባለ ጀልባው በጉልበቱ ሆዱን፣ በግንባሩ አፍንጫውን መታው። መካኒኩ ከመሬት ሊነሳ ሲሞክር ቀኝ እጁ መልሳ የፓምፑን ክዳን ጨበጠች።

ባለ ጀልባው ከጠረጴዛው ያነሳው መዶሻ እጁ ላይ ወረደ። የደረቅ እንጨት መሰበር የመሰለ ድምፅ ተሰማ። መዶሻው ለሁለተኛ ጊዜ ወረደ።

መካኒኩ ወደ ግድግዳው ተንፏቆ እጁን በብብቱ ሸጎጠ። ባለ ጀልባው ደሙን በክንዱ ጠርጎ መፍቻውን አነሳና የመጀመሪያውን ብሎን ይታገል ጀመር።

«በኃይል አታዙረው» አለ መካኒኩ ጥርሱን ነክሶ። «ክሩ ይበላል።»

አራቱ ብሎኖች ወጡ። ክዳኑ ተነሳ።

ላስቲኩ አዲስ ነበር። ግሪሱ ገና ያብለጨልጫል። ስድስቱን ክንፎች አንድ በአንድ በጣቱ ዳሰሰ፤ ሁሉም ለስላሳ ናቸው፤ ሲጫናቸው ይታጠፋሉ፣ ሲለቃቸው ቀጥ ይላሉ። ጭረት የለባቸውም።

«ያንተ ከተደፋው ቆርቆሮ ውስጥ ነው» አለ መካኒኩ። «አሮጌውን ሁሉ እዚያ ነው የምጥለው። ስትመጣ እጄ የገባልኝን አንስቼ ሰጠሁህ። ሁሉም ያው ጥቁር ነው ብዬ።»

ወለሉ ላይ ብዙ አሮጌ ላስቲኮች በዘይቱ ውስጥ ተበትነዋል። ባለ ጀልባው አጎንብሶ አልፈለገም።

«ጋሼ… ይቅር ይበሉኝ።»

«አሁን ነው እርስዎ የመጣልህ?» መካኒኩ ሊስቅ ሲል ቃተተ።

ባለ ጀልባው ሸሚዙን አወለቀ፤ ቀደደው። የተሰበረውን እጅ ከብብቱ ቀስ ብሎ አውጥቶ በጉልበቱ ላይ አስተኛው። ሦስቱ ጣቶች ወደማይሄዱበት አቅጣጫ ሄደዋል። በካቻቢቴ ደግፎ በሸሚዙ ቅዳጅ አሰረለት።

«ተነሱ፣ ሐኪም ቤት እንሂድ።»

«ተከፍቶ አይቀመጥም። አቧራ ይገባበታል።»

«እኔ እዘጋዋለሁ።»

«አንተማ አትነካውም። በእሱ ላይ ነገ ሰው ይሳፈርበታል።»

ግድግዳውን በትከሻው እየገፋ ተነሳ፤ ከሞተሩ ፊት በርጩማ ላይ ተቀመጠ። ክዳኑን በግራ ክርኑ ደገፈና በግራ እጁ ጣቶች አንድ ብሎን አነሳ። ሠላሳ ዓመት ዕቃ ስታቀብል የኖረች እጅ ናት፤ ብሎን አስገብታ አታውቅም። የብሎኑ ጫፍ ቀዳዳውን ነካ፤ ተንሸራተተ፤ ወድቆ ከጠረጴዛው ሥር ተንከባለለ።

ባለ ጀልባው በጉልበቱ ተንበረከከ። በዳበሳ አገኘው፤ በሱሪው ጠርጎ በመካኒኩ ግራ መዳፍ ላይ አስቀመጠለት።

ብሎኑ እንደገና ወደቀ። ባለ ጀልባው እንደገና ተንበረከከ።