አባባ በጠላት ጥላ ፎቅ

«እሱን ተይው፣ ዝጓል! በመዶሻ ካልሆነ አይወጣም» ይሉኛል ጋሽ ፊንባር ከታች። እኔ ግን እልህ ይዞኛል፤ መፍቻውን አልለቅም። የባሊቫራ እግር ኳስ ክለብን አሮጌ ወንበሮች ከሚፈርሰው ጥላ ፎቃቸው እየነቀልን መኪና ላይ እየጫንን ነው። ቀይ ናቸው፣ የጠላት ቀለም። ወደ ክለባችን ወደ ኪልደሬ ወስደን አረንጓዴ ልንቀባቸው ነው።

«የሰው ወርቅ አያደምቅ ጋሼ።»

«ባያደምቅም ያስቀምጣል። ሰኞ የሊጉ ተቆጣጣሪዎች መጥተው ወንበር ካጡ፣ የሜዳችንን ጨዋታ እዚሁ ባሊቫራ ነው የምንጫወተው። እሱ ይሻልሻል?»

እሱማ ሞት ነው። ቀና ስል አዲሱ ጥላ ፎቃቸው ፊት ለፊቴ ተገትሯል። ጣሪያው እስከ ታችኛው ረድፍ ይደርሳል። መጸዳጃ ቤቱ ሙቅ ውሃ አለው አሉ። ሙቅ ውሃ! እቀናለሁ፤ ምን እዋሻለሁ።

ለእኛም ስታዲየም ሦስት ጊዜ ንድፍ ወጥቶለታል። ላም አለኝ በሰማይ! በደጉ ዘመን፣ ቤት ሁሉ ወርቅ ባወጣ ጊዜ፣ የኛ ኮሚቴ ሜዳውን ለአንድ ቤት ሠሪ ሸጦ «ከከተማ ወጣ ብሎ አዲስ ይሠራልናል» ብሎ ጨፈረ። ሰውዬው ከሰረ። ሜዳው ባንክ እጅ ገባ፣ እኛም በገዛ ቤታችን ተከራይ ሆነን ቀረን። መንግሥት ደግሞ መሬቱ የራሱ ላልሆነ ክለብ ድጎማ አይሰጥም። ባሊቫራዎች ያን ጊዜ ገዢ መጥቶላቸው እምቢ አሉ። ሞኞች ብለን ስቀንባቸው ነበር።

«እታለም!»

እህቴ አትራክታ ናት፤ ሻይ በፔርሙዝ ይዛ፣ ቀይ ሻርፕ አንገቷ ላይ ጠምጥማ ትመጣለች። ባሏ የባሊቫራ ሰው ነው። እሷም ካገባች ወዲህ ከነነፍሷ ከድታናለች።

«እጅሽ በረዶ ሆኗል። ተይው አሁን፣ ነይ አንድ ነገር ላሳይሽ።»

አዲሱን ደረጃ ይዛኝ ትወጣለች። ለግንባታው ማሟያ ወንበሮቹን በስም ሸጠዋል፤ የራስህን ወይም የሞተብህን ሰው ስም በናስ ጽፈው ይለጥፉልሃል። ልክ ከመሐል ሜዳው ትይዩ ትቆምና በጣቷ ታሳየኛለች። *ማላኪ ፊነርቲ።*

አባታችን ነው።

«አባባን?» እላለሁ። «የኛን አባባ? እዚህ?»

«ጥሩ ቦታ ነው እኮ። ሁለቱም ጎል ይታያል።»

«ሴትዮ፣ አብደሻል? ቀይ ካልሲ እንኳን እግሩ ገብቶ የማያውቅ ሰው! ምን ቢያደርግሽ ነው ጠላት መሐል ያስቀመጥሽው? ወይስ እኔን ለመቅደም ነው? ድሮም ጭኑ ላይ አንቺ፣ ትከሻው ላይ አንቺ!»

«እሺ፣ እናንተ ጋ የት ላድርገው?» ድምጿ ይሰበራል። «ስሙን የምለጥፍበት አንድ ወንበር አሳዪኝ እስቲ። መሐንዲስ በመጣ ቁጥር ይናዳል ተብሎ በገመድ የሚዘጋው ደረጃ ላይ ነው?»

ከታች ባሏ ይጠራታል። ፔርሙዙን እጄ ላይ ትታልኝ፣ ዓይኗን በሻርፗ እየጠረገች ትወርዳለች።

ብቻዬን ቀረሁ። መፍቻው ኪሴ ውስጥ ነው።

ግራና ቀኝ አያለሁ። ማንም የለም። ወንበሩን የያዙት ሁለት ብሎኖች ናቸው። በጉልበቴ ተንበርክኬ አንዱን እሞክረዋለሁ፤ አዲስ ነውና ያለ ትግል ይዞራል። መኪናው ሙሉ ቀይ ወንበር ነው፤ አንድ ቢጨመር ማን ያውቃል? ነገ ሁሉም አረንጓዴ ነው። አባባ ወደ ሀገሩ ይገባል፣ አትራክታም ታርፈዋለች።

ሁለተኛውን እንደ ጀመርኩ ዝናቡ ይመጣል። የአየርላንድ ዝናብ ከላይ ብቻ አይመጣም፣ ከጎንም ነው። ጋሽ ፊንባር ከማዶ ጃኬታቸውን አናታቸው ላይ ይከምራሉ። እኔም ከልማድ አንገቴን ትከሻዬ ውስጥ እቀብራለሁ፤ ዓይኔን ጨፍኜ እጠብቃለሁ።

ምንም የለም። ጣሪያው ላይ ይንጫጫል እንጂ አንዲት ጠብታ አትነካኝም።

አባባ ዓርብ ዓርብ ከጨዋታ ሲመለስ ካፖርቱ ውሃ እየጠጣ ይከብድ ነበር። እማማ ምድጃው አጠገብ ትሰቅለዋለች፤ ሳይደርቅ ሌላ ዓርብ ይደርሳል። በመጨረሻው ክረምት ሲያስል ከግድግዳ ማዶ ይሰማ ነበር። «አትሂድ አባባ» ስለው፣ «ጣሪያውን ሳላይ አልሞትም አልኩሽ እኮ» ይለኝ ነበር። ሦስተኛው ንድፍ የክለቡ ግድግዳ ላይ እንደተሰቀለ ሞተ።

ወንበሩን ብወስደው የት ነው የማኖረው? ያው እኛው ጋ ነው፣ ጣሪያ የሌለበት፣ ዝናቡ ላይ።

«ዲምፕና! አንቺ ልጅ፣ ነይ እንጂ፣ ሰጠምን እኮ!» ይጮሃሉ ጋሽ ፊንባር።

«መጣሁ!»

ከተንበረከክሁበት ግን አልነሳም። ባሊቫራን እንዴት እንደምጠላ እግዜር ያውቃል፤ አሁንም እቀናለሁ። መፍቻውን በሁለት እጄ ይዤ አንዱን ብሎን አጠብቃለሁ፣ ከዚያም ሌላውን፣ ማንም እንዳይፈታው፣ እኔም ራሴ ብመጣ እንዳይፈታልኝ፣ ክንዴ እስኪዝል ድረስ። መቀመጫውን በመዳፌ እዳስሳለሁ። ደረቅ ነው።

ኮፍያዬን ደፍቼ ወደ ዝናቡ እወርዳለሁ።