የወረቀት ዝናብ

በመዋዕለ ሕፃናቱ የሳምንቱ ትምህርት የአየር ሁኔታ ነበር። ሳምንቱን ሙሉ ተረኛ የሆነችው ሕፃን በየጠዋቱ ሰማዩን አይታ የወረቀት ሥዕል ሰሌዳው ላይ ትለጥፋለች። እሷ ግን ሰማዩ እንደ መስታወት ጠርቶ ሳለ ዝናብ ትለጥፋለች። መምህርቷም ዝናቡን እየነቀለች ፀሐይ ትተካለች።

ዓርብ ዕለት መታገሥ አቃታት። «ምነው የኔ እናት፣ ዝናቡ የታለ?»

«ቲቸር፣ ሲዘንብ አባዬ ፎቅ ሊሠራ አይሄድም። ሲሄድ እማዬ እስኪመለስ ትፈራለች።»

መምህርቷ ጉንጯን ሳመቻትና ፀሐይዋን መልሳ ለጠፈች። «ያላየነውን አንለጥፍም፣ እሺ?»

ልጅቷ ቀጣዩን ሳምንት ሙሉ ቀረች። በተመለሰች ዕለት ዶፍ ዝናብ የክፍሉን ቆርቆሮ ይደበድብ ነበር። ጥቁር ሹራብ ለብሳ፣ ፀጉሯን ተላጭታ ገባች። ማንም ሳያዛት ወደ ሰሌዳው ሄደችና ፀሐይዋን ለጠፈች።